ፒንጉ ደህና ነው ብያቸው ነበር

ሐሙስ ማታ። የጅማው ሂርማታ ገበያ ስለነበር ባጃጅ ማግኘት አልተቻለም፤ በእግሬ ነው የገባሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባሁበትን የቡና መጋዘን ለቅቄ የወጣሁት ሊመሽ ሲል ነው። ልብሴ አሁንም ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ባለፈው ሳምንት የመጋዘኑ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ፋይል ሰርቨሩ ላይ አልገባ ብሎ አሰቃየኝ» አሉ። የግዥ ሰነዶችን ስካን አድርገው ሰርቨር በሚባለው የጋራ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። 200 ሜጋባይት የማይሞላ ፋይል ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ቤቴ ሆኜ ኔትወርኩ ውስጥ ገብቼ ፒንግ አደረግኩ፤ ፓኬት የምትባል ትንሽ የሙከራ መልእክት ልኮ መልሷን መጠበቅ ነው። ምላሹ ፈጣን ነው፤ የጠፋ ፓኬት የለም። «እትዬ፣ ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ይሆናል» አልኳቸው። አመኑኝ። ሳምንቱን ሙሉ እያመሹ ሠሩ። እሱ ነው የከነከነኝ።

ዛሬ በአካል ሄድኩ። ኬብል ቀየርኩ፣ ፖርት (ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ) ቀየርኩ። ያው ነው።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ፍሎው ኮንትሮሉን ነበር፤ የሞላበት ማሽን ላኪውን «ቆይ» የሚልበት ዘዴ ነው። መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ኃላፊ ባስኩላው ሲሞላ እጁን አንስቶ «ቆይ!» ይላል፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ይቆማሉ። ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ስዊችም እንደዚያው ነው። በፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ እየላከ እየተቀበለ) የሚሠራ ማሽን ባፈሩ (መረጃ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ) ሲሞላ ፖዝ ፍሬም፣ ማለትም «ቆይ» የሚል የመረጃ እሽግ ይልካል፤ ውስጡ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት የሚናገር ቁጥር አለ። ቁጥሩ እስከ 65535 ይደርሳል። በ100 ሜጋቢት መስመር ትልቁ ቁጥር የሴኮንድ ሲሶ ያህል ያስቆማል፤ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ቀጥል ማለት ነው። ይህ ደንብ የወጣው በ1997 ነው (በፈረንጆቹ)። እኔ ብዙም አልወደውም። «ቆይ!» ሲባል ሁሉም ይቆማል፤ ለባስኩላው ያልመጣው፣ ባዶ ጆንያ የያዘው ልጅ ሳይቀር። ለማንኛውም፣ የፖዝ ቆጣሪው ዜሮ ነበር። ሰርቨሩ ማንንም አላስቆመም።

ያኔ ነው የፖርቱን ሁኔታ በደንብ ያየሁት። ስዊቹ በኩል፣ 100 ሜጋቢት፣ ሀፍ ዱፕሌክስ፤ በተራ እንጂ በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል የለም ማለት ነው። ከስሩ ሌት ኮሊዥን (ዘግይቶ የመጣ ግጭት) የሚል ቁጥር አለ። እትዬን «እስቲ ይላኩት» አልኳቸው፤ ቁጥሩ ይሮጥ ጀመር። «ያቁሙት» አልኩ፤ ቆመ። ሰርቨሩ በኩል ደግሞ 100 ሜጋቢት፣ ፉል ዱፕሌክስ ተብሎ በእጅ ተቆልፏል፤ የሲአርሲ ስህተቱም (ተበላሽተው የደረሱ ፍሬሞች ቁጥር) ተቆልሏል። የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ድሮ አውቶ ኔጎሲዬሽን (ሁለቱ ማሽኖች ፍጥነቱንና ዱፕሌክሱን ራሳቸው የሚደራደሩበት ዘዴ) አስተማማኝ ስላልነበር በእጅ መቆለፍ ይሻላል ይባል ነበር፤ እኔም የተማርኩት ያንን ነው።

የተቆለፈ ማሽን መደራደር ሲተው፣ ማዶ ያለው ስዊች ፍጥነቱን ከሲግናሉ ያውቃል። ዱፕሌክሱን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ደንቡ እንደሚያዘው ሀፍ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ስዊቹ እየሰማ ተራ ይጠብቃል፤ ሰርቨሩ ሳይሰማ ባሰኘው ጊዜ ይልካል። ስዊቹ ፍሬም እየላከ መሀል ላይ የሰርቨሩ ምላሽ ሲመጣበት «ተጋጨን» ብሎ ያቋርጣል። ቁራጩ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ የተበላሸ ፍሬም ነው፤ ይጣላል። በትክክለኛ ሀፍ ዱፕሌክስ ግጭት የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች ውስጥ ነው፤ ስዊቹም ያኔ ራሱ ደግሞ ይልከዋል። ከዚያ ካለፈ ግን ብዙ ጊዜ አይደግመውም። የላከው ኮምፒውተር ምላሽ ጠብቆ፣ ሲያጣ፣ እንደገና ይልካል። ግማሽ ሰዓቱ ያለቀው በዚህ መጠባበቅ ነው።

ፒንግ ይህን አያሳይም። አንዷ ትንሽ ፓኬት ትሄዳለች፣ ከዚያ መልሷ ይመጣል። በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ ስለሌለ የሚጋጭም የለም።

ሰርቨሩን ወደ አውቶ መለስኩት። መስመሩ አንዴ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ሁለቱም ወገን ፉል። እትዬ ያንኑ ፋይል ላኩ። ሃያ ሴኮንድ ገደማ ፈጀ። ስክሪኑን ትንሽ አይተው «አለቀ?» አሉኝ።

«አለቀ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ ና በል ቡና ጠጣ» አሉ። ጠጣሁ፤ ግን ያመሹባቸው ቀናት ከሐሳቤ አልወጡም።

እንደዚሁ በእጄ የቆለፍኳቸው ሌሎች ሁለት ቦታዎች አሉ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ በአጋሮ መንገድ ወዳለው እሄዳለሁ።