ግማሹን አንብብ ግማሹን ገምት

"አንገት" በሉ እስቲ፣ ግን ገ ላይ ሳትደርሱ ቁሙ። ያቺ ከጉሮሮ አካባቢ በአፍንጫ ምትወጣው ን እኛ ጋ እንደ ገ፣ ከ እና ቀ ካሉ ድምፆች ፊት ካልሆነች ብቅ አትልም፣ ሃኑኖኦ የሚባለው የፊሊፒንስ ቋንቋ ተናጋሪዎች ግን ቃል ይጀምሩባታል!! ሐይቁ ዳር ዎክ እያደረግኩ ስለማመድ እህቴ "ምነው ጉንፋን ያዘህ እንዴ" አለችኝ።

ሃኑኖኦ ፊሊፒንስ ሚንዶሮ ደሴት ደቡቡ ላይ ያሉ ማንግያን የሚባሉ ሕዝቦች ቋንቋ ነው። እንደኛ ጠ ጨ ቀ የለውም፣ ያ እፎይ ያስብላል፣ ግን ጉሮሮን ድርግም አርጎ ሚዘጋ ድምፅ አለው፣ ስሙ ውስጥ ራሱ አለ፣ ኖ ብላችሁ ቁርጥ ታረጉና ኦ።

እኔን የያዘኝ ግን ፊደላቸው ነው። እንደኛው ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ነው ሚጻፈው፣ 15 ተነባቢ በ3 አናባቢ (አ ኢ ኡ) እና ለብቻቸው ሚቆሙ 3 አናባቢዎች፣ ድምር 48። ሚጽፉት ቀርከሃ ላይ በቢላ ነው (እኛ ጋ ከእንጅባራ ሚመጣው ቀርከሃ ወንበር ሆኖ ቀረ)፣ ቢላውን ከራሳቸው ወደ ውጪ ስለሚገፉት መስመሩ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ወጣቶቹ ደሞ ሚማሩት በዋናነት ለፍቅር ግጥም ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ሞቲቬሽን አለ።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ በድሮው አጻጻፍ ቀለሙን (ሲላብሉን) ሚዘጋው ተነባቢ አይጻፍም። "ባ" ተጽፎ ባን ይሁን ባት ይሁን ባስ አንባቢው ነው ሚያውቀው። አንቱን ፖስትማ የሚባሉ የሆላንድ ሚሲዮናዊ በኋላ ፓሙድፖድ የሚባል አናባቢ ማጥፊያ ምልክት አመጡላቸው።

ብዙ ሰው ይሄን ጉድለት ነው ይላል፣ እኔ አልስማማም። አምባሃን የሚሉት ግጥማቸው በየስንኙ 7 ቀለም ሆኖ ቤት ይመታል፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ የጎደለችውን ድምፅ ቤቱ ራሱ ይጠቁማል ብዬ አስባለሁ። ደሞ እኛስ? "ገና" ብዬ ብጽፍላችሁ በዓሉ ነው ወይስ "ገና ነኝ" ነው? ሲጠብቅና ሲላላ አንድ ዓይነት ነው ምንጽፈው፣ ማንም ግን ተምታታብኝ ሲል አልሰማሁም። ማጥበቂያ ምልክት እኮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፣ ስልኬ ኪቦርድ ላይ ፈልጌ አጣሁት እንጂ፣ ባገኘውም ቴሌግራም ላይ ማን ሊጠቀምበት።