ቢንያም ገባ ወይ?

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አርብ፣ ደሴ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ፊት የዋልኩት አንድ ሰው ለማየት ነው። ካሜራው ግን እሱን ትቶ ሌላ ሌላውን ሲያሳየኝ ዋለ። ኤርትራዊውን ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይን ነው የምለው።

የፈረንሳዩ የብስክሌት ውድድር፣ የቱር ደ ፍራንስ 19ኛ የውድድር ቀን ነበር። ከአምብሩን ተነስቶ ኢዞላ 2000 ላይ የሚያልቅ፣ 144.6 ኪሎ ሜትር። ርቀቱ ብቻ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ግን ሦስት ትልልቅ ተራራ አለበት፤ የሦስቱም ጫፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ካሜራው የሚሮጠው ከፊተኞቹ ጋር ነው። ቢጫ ማሊያ የለበሰው የውድድሩ መሪ የት ደረሰ? ማን አመለጠ? ማን ተንጠባጠበ? አረንጓዴውን ማሊያ የለበሰው የአስመራ ልጅ ደግሞ ከኋላ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከሰዓት ጋር ትግል ይዟል።

ይሄንን ትግል ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት። ከፊተኛው ይልቅ እሱ ልቤን ስለያዘው።

ቢንያም ዘንድሮ ያደረገውን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ሰኔ 24 ቱሪን ላይ አሸነፈ። በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። በ8ኛው ቀን ደገመ። በ12ኛው ቀን ሠለሰ። አረንጓዴው ማሊያ በየቀኑ መድረሻና መሐል ላይ ነጥብ ለሚሰበስብ ሰው የሚሰጥ ነው፤ በአብዛኛው የፈጣኖቹ ማሊያ ነው። እሱ ጀርባ ላይ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ኒም ከተማ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው አደባባይ ላይ ወደቀ። ቁስሉ ተሰፋ። አጥንት አልተሰበረም፤ ግን ያን ዕለት ያሸነፈው ዋና ተቀናቃኙ ያስፐር ፊሊፕሰን ነው። የነጥቡ ልዩነት ጠበበ። እንግዲህ በዚያ በተሰፋ ገላ ነው ዛሬ ተራራ የወጣው።

ጎረቤታችን ጋሼ ከጁምዓ እንደተመለሱ መጡ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። በዘመናቸው አሰብና አስመራ ሲመላለሱ ኖረዋል። የብስክሌት ፍቅር የያዛቸው አስመራ ነው ይላሉ፤ ጭነት አራግፈው ሲያርፉ፣ እሑድ እሑድ መንገድ ተዘግቶ ውድድር ሲካሄድ ቆመው ያዩ ነበር። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ማየት ሌላ ነገር ነው። አስተያየታቸው ሁሉ የሹፌር ነው። ማርሽ ይቆጥራሉ። ጥምዙን ከተወዳዳሪው ቀድመው ያዩታል። «ይሄ ልጅ ፍሬን አበዛ» ይላሉ፤ እውነትም ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከኋላው ያለው ይደርስበታል።

ገና እንደተቀመጡ «ልጁስ?» አሉኝ።

«ከኋላ ነው ጋሼ። ዛሬ ለማሸነፍ አይደለም፤ ለመግባት ነው።»

«አብሽር፣ ይገባል» አሉ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

ለመግባት ያልኩት ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በቱር ደ ፍራንስ በየቀኑ የሰዓት ገደብ አለ። አሸናፊው በገባበት ሰዓት ላይ የተወሰነ ፐርሰንት ይጨመራል። ፐርሰንቱ እንደ መንገዱ ክብደትና እንደ ዕለቱ ፍጥነት ይለያያል። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ከነገ ጀምሮ የለም። ሦስት ጊዜ ያሸነፈም ቢሆን፣ ማሊያ የለበሰም ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ነው። ዳኞቹ አንዳንዴ ብዙ ሰው ሲዘገይ ይቅርታ ያደርጋሉ፤ ግን በዚያ ተማምኖ ተራራ የሚወጣ የለም። ደግሞ ክፋቱ፣ ፊት ያሉት በፈጠኑ ቁጥር የኋለኞቹ ጊዜ ያጥራል። ዘንድሮ ቢጫውን የለበሰው ፖጋቻር ደግሞ ቀስ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር አያውቅም።

ሜዳ ላይ ብስክሌተኛን የሚይዘው ነፋስ ነው። ከሰው ጀርባ ከተጠጋህ ጉልበትህ ይተርፋል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚወርድ ያ ጥቅም ይቀንስና ከክብደትህ ጋር ብቻህን ትቀራለህ። እንደ ቢንያም ያሉ ፈጣኖች ጡንቻቸው ወፈር ያለ ነው፤ የመጨረሻዋን 200 ሜትር የሚተኮሱት በዚያ ነው። ተራራ ላይ ያው ጡንቻ ጭነት ይሆናል። ጋሼ ይሄን ለማስረዳት ሳይንስ አላስፈለጋቸውም። «ሐረጎ ላይ ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ አላየህም? ሜዳ ላይ ማን ይደርስበታል?» አሉ። ነገሩ አለቀ።

ሐረጎን ለማያውቅ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ እየተጠማዘዘ፣ በክረምት ጉም እየዋጠው። እኔ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ሜዳው ይመቻል፤ ሳይክል በሰዓት እየተከራየን ነው የለመድነው። ሐረጎን መውጣት የትልልቆቹ ልጆች ጀብድ ነበር። አንዳንዶቹ የመኪና ኋላ ይዘው ይወጣሉ፤ አደገኛ ነገር ነው፣ ዛሬም ሳየው ሆዴ ይሸበራል። እኔና ጓደኛዬ አንድ ክረምት ሳንይዝ በእግራችን ጉልበት ሞከርነው። እሱ ከእኔ በጣም ይበረታ ነበር። ትቶኝ መሄድ ይችል ነበር። በየጥምዙ ዝግ እያለ «ና፣ ቀረብን» ይለኛል። አለመቅረባችንን ሁለታችንም እናውቃለን። ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ለዚህ ይሆናል ግሩፔቶ የሚሉት ነገር እንዲህ ልቤን የሚነካው። ግሩፔቶ በተራራ ቀን ከኋላ የሚሰባሰበው ቡድን ነው። ፈጣኖቹ፣ የታመሙት፣ የወደቁት፣ ጠዋት ለቡድናቸው አለቃ ሲሠሩ ጉልበታቸውን የጨረሱት ሁሉ እዚያ ይገናኛሉ። ትናንት በትከሻ ሲገፋፉ የነበሩ ተቀናቃኞች ዛሬ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ልምድ ያለው ሰው ሰዓቱን ያሰላል፤ እዚህ ዳገት ላይ ይህን ያህል እናጣለን፣ ቁልቁለቱ ላይ ይህን ያህል እንመልሳለን ይላል። ዳገቱን ማንም እንዳይቀር ዝግ ብለው ይወጡታል። ቁልቁለቱንና ሸለቆውን ግን ነፍሳቸውን ሰጥተው ይበራሉ፤ ከባድ ሰው ቁልቁለት ላይ ይፈጥናልና። ቡድኖችም አንድ ሁለት ሰው ከአለቃቸው ጋር ያስቀራሉ፤ ውሃ የሚያቀብል፣ ሸለቆው ላይ ነፋስ የሚከልል። ያ ሰው የራሱን ውድድር ትቶ ነው የሚቀረው። ስሙን ማንም አይጠራውም። የ39 ዓመቱ ማርክ ካቨንዲሽ፣ ዘንድሮ 35ኛ ድሉን አግኝቶ በቱር ደ ፍራንስ ብዙ ቀን በማሸነፍ ክብረ ወሰኑን ለብቻው የያዘው ሰው፣ እሱም እነዚህን ተራሮች የሚያልፈው ከኋላ ነው። ይታያችሁ፣ ከሁሉ በላይ ያሸነፈው ሰው የመጨረሻዎቹ መሐል ሆኖ ለአንድ ደቂቃ ይታገላል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። መጀመሪያ ቫር የሚባለው ተራራ ነው፤ ጫፉ 2,109 ሜትር። ቀጥሎ ቦኔት። ቦኔት 2,802 ሜትር ነው፤ በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ ከወጡት መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው። ዳገቱ ብቻውን ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከደሴም በ300 ሜትር ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። እነሱ እዚያ ሲደርሱ የአየሩን መሳሳት ያማርራሉ፤ እኛ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ሽንኩርት ተሸክመን ዳገት እንወጣለን። ይሄን የምለው እነሱን ለማሳነስ አይደለም። ዝነኛው አልፕ ዱዌዝ፣ ባለ 21 ጥምዙ፣ የሚያልቀው 1,850 ሜትር ላይ ነው። ኮምቦልቻ አካባቢ እኮ ነው! የዓለም ምርጦች እጃቸውን የሚያነሱበት ከፍታ ላይ የኮምቦልቻ ልጅ ሳይክል መንዳት ይማራል። ይህች አገር ለሩጫ ያገኘችውን ነገር ለብስክሌትም ማግኘት ትችል ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ። የጎደለው ሳይክሉ ነው፤ ጥሩ ሳይክል ውድ ነው። ውድድሩ ነው፤ አስተማማኝ መንገድ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከዚያ በፊት በ2015 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት የተራራ ንጉሥን ባለ ነጠብጣብ ማሊያ ለብሶ አይተናል። በር ተከፍቷል።

ፊት የነበረውን ውድድር ባጭሩ ልለፈው። አሜሪካዊው ማቴዎ ጆርገንሰን አምልጦ የመጨረሻውን ተራራ ብቻውን ይወጣ ነበር። ደስ የሚል ጉዞ ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ታዴይ ፖጋቻር ከተቀመጠበት ተነሳ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው የት ይደርስበታል የሚል ብቻ ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ደረሰበት፤ አልጠበቀውም፣ አለፈው። በ21 ሰከንድ አሸነፈ። ዋና ተፎካካሪዎቹ ቪንገጎርድና ኤቬነፑል አብረው 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ዘግይተው ገቡ። ቪንገጎርድ መጋቢት መጨረሻ ላይ ወድቆ ሳንባው ተጎድቶ ሆስፒታል የተኛ ሰው ነው። እዚህ መድረሱ ራሱ ያስገርመኛል። ለጆርገንሰን ግን አዘንኩ። ጋሼም «ምን አለበት ቢተውለት» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። የተተወ ድል ለጆርገንሰን ራሱ የሚጥመው አይመስለኝም። ጋሼ አሁንም በሐሳባቸው ናቸው።

መድረኩ ተዘጋጀ፣ አበባ ተሰጠ፣ ማስታወቂያ ገባ። ስርጭቱ ሊያልቅ ነው። ሰው መግባቱን አላቆመም፤ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ፤ አንዱ አፉን ከፍቶ፣ ሌላው ማሊያውን እስከ ሆዱ ፈትቶ። አረንጓዴ የለም። ስልኬ ላይ ለማየት ሞከርኩ፤ ኔትወርኩ ዛሬም አስቸጋሪ ነው፤ ገጹ ግማሹን ከፍቶ ቆመ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ባለቤቴ ሦስተኛውን ቡና ቀድታ «አሁን እናንተን ነው ሰዓት ገደብ የሚያስፈልጋችሁ» አለች። ሚካኤል ስለነበር ዳቦም ነበር። እኔ አልበላልኝ አለ። ልቤ ይመታል። የማላውቀው ልጅ ነው። የሌላ አገር ልጅ ነው። ግን የጋሼ መኪና ከደሴ ተነስቶ በዚያው በአንዱ መንገድ አስመራ ይገባ ነበር፤ የቢንያም ደስታ እዚህ ድረስ የሚሰማን ለዚህ ይመስለኛል።

ለአዲስ አበባው የእህቴ ልጅ መልእክት ላክሁለት። እሱ ጋ ኢንተርኔቱ ይሻላል። «ቢንያም ገባ ወይ?» ብቻ ነው የጻፍኩት። መልሱ ቆየ። ጋሼ ስልኬን ከእኔ በላይ ያዩታል።

«ገብቷል አጎቴ። በሰዓቱ ነው። ማሊያውም አለ።»

ጋሼ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ባለቤቴ እልል አለች። እኔ ያን ጊዜ ነው ዳቦዬን ያነሳሁት።

ነገ ሌላ ነው። ከኒስ ተነስተው ኩዮል የሚባል ተራራ ላይ ይጨርሳሉ፤ 132.8 ኪሎ ሜትር፣ አራት ተራራ። እኔን የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው፤ ገና ከጅምሩ ስለሚመጣ ፈጣኖቹ ሙቀት ሳያገኙ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ቶሎ የቀረ ሰው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነው። ግሩፔቶው ቶሎ ከተሰባሰበ ግን ይተርፋሉ። እሑድ የሚቀረው ከሞናኮ ኒስ ድረስ እያንዳንዱ ብቻውን የሚሮጠው የሰዓት ውድድር ነው፤ እዚያ ከደረሰ ማሊያውን የሚወስድበት ያለ አይመስለኝም። ጋሼ ነገ ዙህርን ሰግደው ይመጣሉ። የእህቴን ልጅ ደግሞ ስልኩን እንዳያጠፋ ነግሬዋለሁ።