ወላጅ «እሺ» ስትል፦ ተማሪዎችን በማስመሰል ልምምድ ያስተማርኩበት መንገድ

እናትየዋ «እሺ» ካለች ተማሪው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እዚህ ሰሜን ሸዋ ግን «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ አክብሬሃለሁ» ነው እንጂ «አደርገዋለሁ» አይደለም። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው ፊት ለፊት «አይመቸኝም» የሚል ወላጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ለሚለማመዱ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መብላትና መልበስ ያለ የዕለት ተዕለት ሥራን የማስቻል ሕክምና) ተማሪዎች የማስመሰል ልምምድ፣ ማለትም ተዋናይ ወላጅ ሆና ተማሪው የሚያነጋግርበትን፣ ሳዘጋጅ ነገሩን ሁሉ የሠራሁት በዚህች ቃል ዙሪያ ነው።

ታሪኩ ይህ ነው፦ ሴሬብራል ፖልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር) ያለበት የሦስት ዓመት ልጅ፣ እናቱና አያቱ ከመንዝ አዝለው ያመጡት፣ ብቻውን የማይቀመጥ፣ ሲበላ ትን የሚለው። ከአንድ ገጽ አላሳለፍኩትም፤ ሲረዝም ተዋናይዋ ትሸመድደውና ንግግሯ የፈተና መልስ ይሆናል። ከገጹ ግማሹ ሳይጠየቅ የማይወጣ ነው፦ አያትየዋ እጅ እግሩን ማፍታታቱን «ልጁን ማሰቃየት» ብለው ከልክለዋል፤ እናትየዋ በእርግዝናዋ እንስራ ስለተሸከመች የመጣ መስሏት ራሷን ትወቅሳለች፤ ሰሞኑን ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ከርመዋል። ተዋናይዋ ይህን የምታወጣው ተማሪው ሰፋ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አምስት ሰከንድ ዝም ካለ ብቻ ነው። አምስት ሰከንድ ቀላል ይመስላል። አብዛኛው ተማሪ ግን በሁለተኛው ላይ የጠየቀውን ራሱ ይመልሰዋል። «ጠበሉን ተዉት» ካለማ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው «እሺ» ብቻ ነው። የሚሻለው መቼ መቼ እንደሚሄዱ ጠይቆ የቤቱን ሥራ ከዚያ ጋር ማስማማት ነው።

ተዋንያኑ የከተማው ጎልማሳ ሴቶች ናቸው። ተማሪ እናት ሆኖ ሲጫወት ጓደኛው ሲጨንቀው አያስችለውም፣ መልሱን ይሰጠዋል። አጠራርም ይለመዳል፦ አያትየዋን «እማማ» ብሎ ተነስቶ ሰላም ማለት፣ እናትየዋን እኩያ ብትሆንም ራሷ «አንቺ በይኝ» እስክትል «እርስዎ» ማለት።

አሻንጉሊቱ ላይ ብዙ ደከምኩ። የሱቁ ፕላስቲክ ቀላል ስለሆነ ምንም አያስተምርም። ከአቡጀዲ የተሰፋ ዘጠኝ ኪሎ አካል አሠራሁ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ተኩል ኪሎው ጭንቅላቱ ነው፣ አንገቱ ላላ ብሎ ተሰፍቷል። ሳይደግፍ ማንኪያ የሚያቀርብ ተማሪ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲወድቅ በዓይኑ ያያል፤ ትንታውም የሚመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ በገብስ ሞላሁት፣ አይጥ ገባበት። አሁን ታጥቦ የደረቀ አሸዋ በድርብ ላስቲክ ነው።

ንግግሩ 12 ደቂቃ ነው፤ ውይይቱ 25። ተማሪው ሲጠፋበት እጁን አንስቶ ለአንድ ደቂቃ ማስቆም ይችላል። ለተመልካቾቹም ሥራ መስጠት ግድ ነው፦ አንዱ ዝምታውን በሰዓት ይይዛል፣ አንዱ እናት የማይገባትን ቃል ይጽፋል። ሥራ የሌለው ተመልካች ይስቃል።

ትልቁ ስህተት በአንድ ቀጠሮ አምስት መልመጃ መስጠት ነው። አንድ ብቻ፣ እሱም ቤት ውስጥ ከሚሠራ ነገር ጋር የታሰረ። ለምሳሌ ልብስ ሲያለብሱ የገተረው እጅ ይቀድማል፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። ከዚያ «ገባዎት?» የለም፤ መልሱ ይታወቃል። እውነተኛ ሸሚዝና አሻንጉሊቱን ሰጥቶ «ነገ ጠዋት እንዴት እንደሚያለብሱት ያሳዩኝ»፣ ቀጥሎ «ቤት ውስጥ ይህን የሚያከብድብዎት ምንድን ነው?»። የአያትየዋ ክልከላ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

«ይድናል?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው ይለመዳል። ተማሪው ወይ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ያመልጣል፣ ወይ «አይድንም» ብሎ ይቆርጣል። የምናለማምደው፣ አስቀድሞ እስካሁን ምን እንደተነገራቸው መጠየቅ፣ ከዚያ እቅጩን መናገር ነው፦ አእምሮው ላይ የደረሰው ጉዳት አይጠፋም፣ በራሱም አይሰፋም፤ አቀማመጡና አበላሉ ግን ሊሻሻል ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተዋናይዋ ምርር ብላ አለቀሰች፣ ተማሪው ደረቀ፣ ምንም አልተማረም። አሁን ልቅሶው ሦስት ደረጃ አለው፦ ማቀርቀር፣ በነጠላ ጫፍ ዓይን መጥረግ፣ ማልቀስ። ጀማሪ ከአንደኛው አያልፍም። ለተዋናይዋም ቢሆን በቀን ከሦስት ዙር በላይ ይከብዳታል፤ ስትጨርስ ነጠላውን አውልቃ የራሷን ስም ትናገራለች፣ ቡናዋን ጠጥታ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው።