የክትባቱ ሳጥንና የሙጋ ሙላት

ነሐሴ ጎጃም ውስጥ ሰበብ የማይጠፋበት ወር ነው። ወንዙ ሞላ፣ መንገዱ ጨቀየ፣ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ ካልክ ማንም አይጠይቅህም። ሁሉም እውነት ነው። ክፋቱም እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ሰበብን ሰው ያፍርበታል፤ በእውነተኛ ሰበብ ግን ተደላድሎ ይቀመጥበታል።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል እሠራለሁ። ለጤና ኬላዎች ክትባት የምናደርሰው እኛ ነን። ከኬላዎቹ አንዱ ከሙጋ ማዶ ነው፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቆላ። ሙጋ ከጮቄ ተራራ ተነስቶ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። በበጋ እረኞች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል። በነሐሴ ግን ገና ሳታየው ድምፁ ይመልስሃል።

በዚያ ሰሞን አጎራባች ቀበሌ ላይ ኩፍኝ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ማዶ ደግሞ ዘጠኝ ወር የሞላቸውና ያልተከተቡ ሕፃናት ነበሩ። የክትባት ቀን ተቆርጧል። ኬላው ላይ ለምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውለን ቀኑን እንዳንለውጥ ማዶ ኔትወርክ የለም። ወደ በላይ አካል ስንደውል መልሱ አጭር ነበር፦ «ወንዙ ሲጎድል መስከረም ላይ ይላክ።» ሰውየው አይፈረድበትም። ወረቀት ላይ ትክክል ነው።

የክትባት ሥራውን የሚያስተባብሩት ጡረታ የተቃረቡ ሲስተር ናቸው። ስልኩን ዘጉና «ኩፍኙስ መስከረምን ይጠብቃል?» ብለው የክትባት ሳጥኑን የሚያቀዘቅዙትን አይስ ፓኮች ከፍሪዘር አወጡ።

እዚህ ላይ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ብርዱም ግን ያበላሻል። ፔንታ የሚባለው ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት፣ ቢቀልጥም አይረባም። ስለዚህ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥተህ ወዲያው ሳጥን ውስጥ አትከትም። ውጭ ታስቀምጠዋለህ። ስትነቀንቀው ውስጡ ውሃ መንቦጫቦጭ ሲጀምር ያን ጊዜ ትጭናለህ። በእኛ ደጋ፣ በነሐሴ ጠዋት፣ ይህ ነገር ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሲስተር ግን እያንዳንዱን እያነሱ ጆሯቸው ላይ ይነቀንቃሉ።

«ሲስተር፣ በምን ሊሻገር ነው እንዲህ የሚለፉት?» አልኳቸው።

«እሱን እዚያው እናየዋለን። ወንዙ ቢከፈትልንና ክትባቱ ተበላሽቶ ቢገኝ ግን ጥፋቱ የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልለን በቅሎ ላይ ጫንን። አንድ ወጣት ነርስም አብሮን ወረደ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሙጋ እንደፈራነው ነው። ቀይ ውሃ፣ ግንድ እየገፋ። በአቅራቢያው ካለችው ደብር የወጡ መምሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ነርሱ ትንሽ ካየ በኋላ ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ።

«ምን ልትሆን ነው?» አሉ መምሬ።

«ዋና እችላለሁ፣ አባ። በእምነት ከተገባ እኮ ዮርዳኖስም ተከፍሏል።»

«ልብስህን ልበስ! ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው የገቡት ታዘው ነው። አንተን ማን አዘዘህ? አምላክህን አትፈታተን የሚለውንስ አላነበብክም?»

እኔ በልቤ መምሬን ደገፍኩ። በየክረምቱ ስንት ጎበዝ እንዲህ እያለ በውሃ ይቀራል። ድፍረትን እምነት ብሎ መጥራት አገራችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ቀባሪው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሲስተር ምንም አላሉም። ሳጥኑን ከበቅሎዋ አስወርደው ዛፍ ሥር፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ አስቀመጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ፉጨት ተሰማ። ጉሙ ሲገለጥ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጎረምሶች ጋር ቆማለች። ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለው መጫኛ ነው፤ አህያና በቅሎ የሚጫንበት፣ እርስ በርሱ የተቋጠረ። አንድ እረኛ ድንጋይ በሲባጎ አስሮ በወንጭፍ ወረወረ። ውሃ በላው። ደግሞ ወረወረ። ብዙ ድንጋይ ከባከነ በኋላ አንዱ እኛ ጋ ዱብ አለ። ሲባጎውን ስንስብ ቀጭን ገመድ መጣ፣ ቀጭኑ መጫኛውን አመጣ። አንዱን ከዛፉ ጋር ወጥረን አሰርን፣ በሌላው እነሱ ይጎትታሉ። ሳጥኑ መሀል ሲደርስ ገመዱ ረገበና ውሃው ሊነካው ተቃረበ። ሁለቱም ዳር ጮኸ። መምሬ «እመቤቴ!» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሳጥኑ ተነሳ፣ ሄደ፣ ማዶ ያሉት አቀፉት።

ሞጣ አካባቢ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም። እዚያ ሰው ራሱ በገመድ እየተጎተተ ለብዙ ዓመታት ተሻግሯል። የእኛ ሳጥን ብቻ ነው።

ስንመለስ መምሬ ነርሱን ጠሩት። አልተቀየሙትም። «ዮርዳኖስን ካነሳህ አይቀር» አሉት፣ «ውሃው የቆመው የት ነበር?»

«ካህናቱ እግር ሥር ነዋ።»

«ኢያሱ ምዕራፍ 3ን ሄደህ እይ። ከላይ የሚወርደው ውሃ የቆመው እጅግ ርቆ፣ አዳም በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ካህናቱ ከቆሙበት አይታይም።»

የመምሬ ነገር የገባኝ በሌላ ቀን ባለሙያዋን ሳገኛት ነው። ለካ ጎረምሶቹን ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ቤት ለቤት ልካ መጫኛ አስለቅማ ነበር። እኛ አይስ ፓክ ስንነቀንቅ እሷ ቋጠሮ ታጠብቅ ነበር። መምጣታችንን ማን ነገራት? ማንም። «ሲስተር ቀን ቆርጠው ይቀራሉ እንዴ?» አለችኝ። አርፍደንባቸው ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው የተመለሱ እናቶች ነበሩ፤ እነሱን በማግሥቱ በየቤታቸው ዞራ ከትባለች።

ወር መጨረሻ ላይ ሪፖርት ስንሞላ የመጓጓዣ ዓይነት የሚል ቦታ ነበረው። ሲስተር ብዙ አላሰቡም። «በቅሎ እና መጫኛ» ብለው ጻፉ። ከበላይ ተደውሎ «መጫኛ ማለት የመኪና ዓይነት ነው?» ተብሎ ተጠየቅን።