አሮጌ ከተማ ሚባለው ስንት ዓመቱ ነው?

ስለ አውሮፓ ጥንታዊ ከተሞች ሲወራ ሁሌ ሚገርመኝ፣ ሰው ፎቶ ይለጥፍና "ዋው ይሄን ሁሉ ዘመን ሳይፈርስ!" ይላል፣ ብዙዎቹ ግን ፈርሰዋል እኮ፣ ያውም እንክትክት ብለው። እኔ አሁን አሁን የሆነ ከተማ ልሄድ ስል መጀመሪያ ማየው ሆቴል ምናምን ሳይሆን መቼ ፈረሰ፣ ማን መልሶ ሰራው ሚለውን ነው፣ እሱን ካወቃችሁ በኋላ ስትዞሩ ዓይናችሁ ሌላ ነገር ነው ሚፈልገው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው እሺ)

ዋርሶን እንውሰድ። የአሮጌው ከተማ አደባባይ ቆማችሁ እነዛን ቀለማቸው የተለያየ ጠባብ ቤቶች ስታዩ የሆነ ጥንት ዘመን የገባችሁ ነው ሚመስላችሁ፣ ግን በ1944 የከተማው ሕዝብ ተነስቶ አመጹ ከከሸፈ በኋላ ጀርመኖች ሰፈር በሰፈር እያቃጠሉና በፈንጂ እያፈረሱ አውድመውት ነው የሄዱት፣ ከአሮጌው ከተማ ከ85 በመቶ በላዩ ጠፍቷል። ከዛ ፖላንዶች መልሰው ሰሩት። በምን አስታውሰው ካላችሁ አንደኛ የአርክቴክቸር መምህራንና ተማሪዎች ያቆዩት ፕላን ነበር፣ ሁለተኛ ደግሞ ቤሎቶ ሚባል ጣሊያናዊ ሰዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንጉሡ የሳላቸው የከተማዋ ስዕሎች። ሰውየው መስኮት ሳይቀር ነው ሚስለው፣ ግን አንዳንዴ ቤቱን ከነበረው ትንሽ ያሳምረው ነበር፣ ስለዚ አንዳንዱ ቤት አሁን የቆመው እንደነበረው ሳይሆን ሰዓሊው ደስ እንዳለው ነው ሃሃ።

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ "ፌክ ነዋ በቃ!" ብሎ ቀኑን ሙሉ አደረቀኝ። እኔ አልስማማም። ዩኔስኮም በ1980 ሲመዘግበው ሰዎቹ መልሰው የገነቡበትን ስራ ብሎ ነው እንጂ ግንቡ አሮጌ ነው ብሎ አይደለም። ጡቡ ግን ቭሮትስዋፍን ከመሰሉ ሌሎች የፖላንድ ከተሞች ፍርስራሽ ጭምር እየተጫነ መምጣቱ፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው፣ የነሱም ከተማ እኮ ተጎድታ ነበር።

ከሁሉም እኔን የያዘችኝ ድሬስደን ናት። ፍራውንኪርኸ ሚባለው ቤተክርስቲያን በየካቲት 1945 ከተማዋ ስትደበደብ ወዲያው አልወደቀም፣ እሳቱ ድንጋዩን አግሎት ከሁለት ቀን በኋላ ነው ጉልላቱ የተናደው። በምስራቅ ጀርመን ዘመን ክምሩን የጦርነት መታሰቢያ ብለው እንዳለ ተዉት፣ ከ1994 እስከ 2005 ደግሞ ከፍርስራሹ እየለቀሙ፣ የትኛው ድንጋይ የት እንደነበረ በኮምፒውተር እየፈለጉ መልሰው አቆሙት። ተጠግታችሁ ግድግዳውን እዩት፣ አዲሱ ድንጋይ ክሬም ቀለም ነው፣ በመሀሉ ጥቁር ጥቁር ድንጋይ እዚህም እዚያም ተሰክቷል፣ አንዳንዱ ጠርዙ የተሸረፈ፣ እሱ የድሮው ነው። ጥቁረቱ የቃጠሎ ብቻ ይመስላል ግን የአሸዋ ድንጋይ በዕድሜም ይጠቁራል፣ አዲሱም ቀስ እያለ እንደዛ መሆኑ አይቀርም። አናቱ ላይ ያለውን በወርቅ የተለበጠ መስቀል ከሰሩት አንዱ ደግሞ አባቱ ድሬስደንን በደበደበው የእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ የነበረ ሰው ነው። እኔ እዛ ግድግዳ ስር ቆሜ ቀረሁ፣ ጓደኛዬ ቡና ጠጥቶ ሲመለስ እዛው ነበርኩ።

የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክም ተመሳሳይ ነገር አለ ግን እዛ ጣሪያው ላይ ነው። 1,940 ሜትር ገደማ የሆነውን የከተማ ግንብ ስትዞሩ ወደ ውስጥ ቁልቁል እዩ፣ ፈዘዝ ያለው ክዳን የድሮ ነው፣ ደማቅ ብርቱካናማው ከ1991 ጀምሮ በነበረው ከበባ ከተመታ በኋላ የተተካው። በጠዋት ሂዱ፣ ግንቡ ላይ ጥላ ሚባል የለም፣ መርከቦቹ ሰው ካራገፉ በኋላ ደግሞ መተላለፊያም አታገኙም።

ሳይፈርስ የቆየ ካላችሁ የቤልጂየሟ ብሩዥ አለች፣ ግን እሷንም ያቆያት ድህነት ነው። ከባህር ሚያገናኛት የዝቪን መግቢያ በደለል ሲሞላ ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አንትወርፕ ሄደ፣ ብር ስለጠፋ አፍርሶ አዲስ ሚሰራ ሰው አልነበረም በቃ። እዛ ደወል ማማው ላይ ወጥቻለሁ፣ 366 ደረጃ ነው፣ ላይኛው ጋ በጣም ይጠብና ሚወርድ ሰው ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፋችሁ ነው ምታሳልፉት።

ካርካሶን ሚባለው የፈረንሳይ ባለግንብ ከተማ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ አልተዋጠልኝም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቫዮሌ ለ ዱክ ሚባል አርክቴክት አድሶት ማማዎቹ ላይ ሹል የስሌት (ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው) ጣሪያ ጫነበት፣ ስሌት የሰሜን ፈረንሳይ ነገር ነው ደቡብ ምን ይሰራል ብለው ያኔም ተጨቃጭቀውበታል። ደግነቱ ተረፈ እንጂ ከዛ በፊት ግንቡ ራሱ ሊፈርስ ተወስኖበት ነበር፣ ተቃውሞ ተነስቶ ነው የቀረው።

ቤልጂየም ከገባችሁ አይቀር ኢፕርም ሂዱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አላስቀረላትም፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ቸርችል ፍርስራሹ እንዳለ ለእንግሊዝ ሙታን መታሰቢያ ይሁን የሚል ሀሳብ አምጥቶ ነበር። የከተማው ሰው ግን እኛስ የት እንኑር ብሎ ተመልሶ መስራት ጀመረ፣ ትልቁ የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ ያለቀው በ1967 ነው፣ እኔ ብሆንም ከነሱ ጋር ነበርኩ።