ቀስ ብሎ የሚያድግ የአንጎል ዕጢ ይዞ መኖር፦ አዲሱን ምልክት ከአሮጌው የምለይበት መንገድ

«ታዲያ ለምን አያወጡልሽም?» ነገሩን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ዕጢዬ ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ መነሻው አንጎልን የሸፈነው ስስ ልባስ ነው። አብዛኛው ሜኒንጂዮማ ደረጃ 1፣ ማለትም ዝቅተኛው ደረጃ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ቢያድግም ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ ባለበት ይቀራል። የእኔ ለሳይነስ ተብሎ በተነሳ ምስል ላይ ሳይታሰብ ተገኘ። ትንሽ ስለነበረና ምንም ስላላስቸገረኝ፣ የራስ ቅል ከፍቶ ማውጣቱ ከመተዉ የባሰ አደጋ አለው ተባልኩ። እናም በኤምአርአይ፣ በማግኔት በሚነሳ የአንጎል ምስል፣ ክትትል ጀመርኩ።

የሚከብደው በአንዱና በሌላው ኤምአርአይ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ስሙን ከሰማሁ በኋላ ለሕመሜ ሁሉ ተጠያቂው አንድ ሆነ። ራሴን ሲያመኝ እሱ ነው፤ የሰው ስም ሲጠፋኝ እሱ ነው፤ ደረጃ ላይ ብደናቀፍም እሱ ነው።

ከዚህ ያወጣኝ ደብተር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የትኛው ጎን፣ ምን ያህል ቆየ፣ ያደርኩት እንቅልፍ እንዴት ነበር። ስሜቴን አልጽፍበትም፤ «ፈራሁ» የሚል ቃል የለበትም። መጀመሪያ የመዘገብኩት የድሮ ራስ ምታቴን ነው፦ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ግንባሬን ጨምድዶ ይይዛል፣ ስተኛ ይለቀኛል፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። እንግዲህ ንጋት ላይ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ስስል ወይም ስተኛ የሚብስ፣ ማስታወክ የተጨመረበት ራስ ምታት ቢመጣ ሌላ መሆኑን ወዲያው አውቃለሁ። በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር የሚታየው እንዲህ ያለው ነው።

የደብተሩን ጥቅም ያየሁት ግን በአውራ ጣቴ ነው። የግራ እጄ አውራ ጣት በራሱ ጊዜ ይዘል ጀመር፤ ወደ መዳፌ እጥፍ፣ ዘርጋ፣ እጥፍ፣ ዘርጋ፣ ምት እንደያዘ። ራሴን አልሳትኩም፤ እንዲያውም እያወራሁ ነበር። ደቂቃ ሳይሞላው ቆመ፣ ጣቱ ግን ለጥቂት ጊዜ ዛለ። ሲደግመኝ ባለቤቴ በስልኩ ቀረጸው። የነርቭ ሐኪሙ ቪዲዮውን መላልሰው አዩና «ዕጢዎ በቀኝ ነው፤ የግራ እጅን የሚያዘው ደግሞ የቀኝ አንጎል ነው። ይሄ የሚጥል በሽታ ጥቃት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ» አሉኝ። የሚጥል በሽታ ሲባል ወድቆ አረፋ መድፈቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ኢኢጂ ተነሳሁ፣ ምንም አላሳየም፤ ጥቃቱ በሌለበት ሰዓት ንጹሕ ኢኢጂ ማግኘት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ነገሩን የለየው ቪዲዮው ነው።

ሌቬቲራሲታም የሚባል መድኃኒት ተጀመረልኝና ጣቴ አረፈ። ከዚያ ደግሞ ብስጭት መጣ። በር ጮክ ብሎ ሲዘጋ እሳት ጎርሼ እነሳለሁ። ባለቤቴ «ዕጢው ጠባይሽን እየለወጠው እንዳይሆን» አለኝ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ በአንጎል የፊት ክፍል ያለ ዕጢ ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። ደብተሩን ስናገላብጥ ግን ብስጭቱ የተነሳው የመድኃኒቱ መጠን በጨመረበት ሳምንት ነው። የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። በድንገት ማቋረጥ ጥቃት ሊያስነሳ ስለሚችል በራሴ አላቆምኩም፤ ሐኪሙ ጋ ደወልኩና ቀስ በቀስ በሌላ ተተካልኝ። አሁን አዲስ ነገር ሲሰማኝ ከዕጢው በፊት የማየው የመድኃኒት ዝርዝሬን ነው።

ስለ ኤምአርአይ ሪፖርት አንድ ነገር ልበል። «ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ለውጥ የለም» የሚለው አያጠግበኝም። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት በአለካክ ስህተትም ይመጣል፤ በየዓመቱ «ለውጥ የለም» እየተባለ ተደምሮ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምስል ሲዲ ይዤ ሄጄ ከእሱም ጋር እንዲያነጻጽሩልኝ እጠይቃለሁ። ሲቻል በዚያው ማሽን እነሳለሁ።

ለሴቶች ደግሞ፦ ሜኒንጂዮማ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ ሆርሞንም ይነካዋል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በየሦስት ወሩ የሚወጋውን የሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የወሊድ መከላከያ መርፌ ለረጅም ጊዜ መጠቀም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ሜኒንጂዮማ ጋር አያይዞታል። ዕጢው ካለባችሁ ምን ዓይነት የወሊድ መከላከያ እንደምትወስዱ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ደብተር የማይጠብቁም አሉ፦ በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መያዝ፣ የዓይን መጋረድ፣ ማስታወክ ከድብታ ጋር። እነዚህ ሲመጡ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። መላ ሰውነቴን የሚያንቀጠቅጥ ጥቃት ቢመጣ ቤተሰቤ የሚያደርገውን ያውቃል፦ በጎኔ ማስተኛት፣ አፌ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መያዝ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት።

የጣቴ ነገር «እንተወው» የሚለውን ውሳኔ እንደገና አስከፍቶታል። ዕጢው ባያድግም ጥቃት ማስነሳቱ ሚዛኑን ወደ ቀዶ ሕክምና ሊያጋድለው ይችላል። የቀዶ ሐኪሙን በሚቀጥለው ቀጠሮ የምጠይቃቸው ተጽፏል፦ ቢወጣ መድኃኒቱን የማቆም ዕድሌ ምን ያህል ነው? እጄን የሚያዘው ቦታ ምን ያህል ይቀርበዋል? የጨረር ሕክምናስ ለእኔ ይሆናል ወይ?