ትከሻው ከፊቱ ይቅደም፦ የመድረክ ሰው ካሪካቸር አሳሳል

የድምፃዊ ወይም የተወዛዋዥ ካሪካቸር (መለያውን አጋንኖ የሚያሳይ ሥዕል) ልሳል ብሎ የተነሳ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ አፍንጫ ነው። ለፖለቲከኛ ይሠራ ይሆናል፤ እሱን የምናውቀው በቴሌቪዥን ከደረቱ በላይ ነው። የመድረክን ሰው ግን የምናየው ከአዳራሹ መሐል ተቀምጠን፣ ከእግር እስከ ራሱ ነው። ከዚያ ርቀት የሚለየው በአቋቋሙ፣ በክርኑ ከፍታ፣ አንገቱን በሚያዘነብልበት አኳኋን ነው። በተለይ የወሎን ጭፈራ የሚስል ሰው ከትከሻ ካልጀመረ የቀረው ከንቱ ድካም ነው።

የምንስለው ትርኢቱ እየታየ፣ በአዳራሹ ጨለማ ውስጥ ነውና ዕቃው ጥቂት ነው። ለሁለት የተቆረጠ ኤ4 ወረቀት፣ ከጀርባው ጠንካራ ካርቶን፣ የተቀረጹ ሁለት 4ቢ ወይም 6ቢ (ለስላሳና ጥቁር) እርሳሶች። የተለመደው ኤችቢ እርሳስ መስመሩ ስለሚሳሳ ጨለማ ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ላጲስ ቤት ይቅር። የስልክ መብራት ጎረቤትን ከማስቀየሙም በላይ የራስን ዓይን ያበላሻል፤ ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል፣ ስክሪን ያየ እንደሆነ ያ ልምድ ይፈርሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያዩ መሳል ግድ ነው። የግራ አውራ ጣታችሁን የሥዕሉ ራስ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርጉ፤ እርሳሱ ሁልጊዜ ከዚያ ተነስቶ ይውረድ። ለአንድ አቋም አንድ ገጽ። ወረቀት ልቆጥብ ብሎ የደረበ ሰው መብራት ሲበራ አራት እጅ ያለው ፍጡር ይጠብቀዋል። የብሮድዌይን (የኒው ዮርክ ቲያትር ቤቶችን) ተዋንያን በመሳል የታወቀው አሜሪካዊው አል ሂርሽፌልድ (1903–2003 እ.ኤ.አ.) በጨለማ ቲያትር ውስጥ እጁን ኪሱ ከትቶ ይነድፍ ነበር፤ ልምምዱ በቤት ውስጥ ዓይን ጨፍኖም ይሠራል።

እንቅስቃሴን ማሳደድ አያዋጣም። ዘፈን አዝማች አለው፤ አዝማቹ ሲመለስ ዘፋኙም አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው አቋም ይመለሳል። በመጀመሪያው አዝማች ዝም ብላችሁ እዩ። በሁለተኛው የአከርካሪውንና የትከሻውን መስመር ብቻ ያዙ። እጅና እግር በሦስተኛው ይደርሳሉ። ትዝታ ወይም አምባሰል ከሆነ ጊዜ አለ፣ ነገሩ ያለው እጅና አንገት ላይ ነው። ከበሮው ሲፈጥን ደግሞ ሁሉን ልያዝ ማለት ምንም አለመያዝ ይሆናል፤ ትከሻው ሽቅብ ወጥቶ ሊመለስ ሲል ያለችውን ቅጽበት ጠብቁ።

እስክስታን በማይንቀሳቀስ ወረቀት ላይ የማሳየት ዘዴ ብዙ ነው፤ እኔ የማምነው በሦስት መስመሩ ነው። ትከሻው ጫፍ የደረሰበትን ወፍራም፣ ከዚያ ቅጽበት በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለቱን ቀጭንና የተቆራረጠ አድርጎ ማስመር። ሦስቱም ከአንገት ሥር ከአንድ ነጥብ ይነሱ፤ ከተለያየ ቦታ ከተነሱ ትከሻው የተሰበረ ይመስላል። በሰውነቱ ዙሪያ ጭረት መደርደር ግን ይቅር፦ ተወዛዋዡ የሚጨፍር ሳይሆን በሐምሌ ብርድ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ታክሲ የሚጠብቅ ይመስላል።

የራስ መጠን ሌላው መሰናከያ ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት ሰባት ተኩል ራስ ገደማ ነው። ለኮሜዲያን ሦስት ራስ ብታደርጉት ያምርበታል፣ ለድምፃዊ አራት ይበቃል። ለተወዛዋዥ ግን ከአምስት አትውረዱ፤ ራሱ ሲገዝፍ ትከሻውን ይጫነውና ጭፈራው ይሞታል። የሚጋነነው አንድ ነገር ይሁን፣ ጎረቤቱ ይነስ። ትከሻ ሲሰፋ ወገብ ይጥበብ፣ አንገት ሲረዝም አገጭ ይጠር።

መሣሪያ ላይ ማጋነን ይቻላል፣ መሳሳት ግን አይቻልም፤ እዚህ አገር ተመልካቹ ያውቃል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያለው። ጣቶች ጭራውን ይነኩታል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አጣብቀው አይጫኑትም፤ ስለዚህ በጭራውና በእንጨቱ መካከል ክፍተቱ ይታይ። ደጋኑን ከልክ በላይ ማጉበጥ ያምራል፣ የአዝማሪውም ክርን አብሮት ይጉበጥ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው። እንደ ጊታር ከተሣለ አለቀለት።

ማይክሮፎን አፍንም አገጭንም ይሸፍናል። ወደ ደረት ዝቅ አድርጋችሁ ሣሉት፤ ማንም አይከስሳችሁም። የመድረክ መብራት ከላይ ሲመጣ የዓይን ጉድጓድን ያጠቁራል፤ ያንን ጥላ እንዳለ የቀዳ ሰው የራስ ቅል ነው የሚያወጣው። ፊቱን ዘፋኙ ሕዝቡን ሰላም ሲል፣ መብራቱ ሲለዝብ ያዙት።

የሻሽ አስተሳሰር፣ የነጠላ አጣጣል፣ የመቀነት ቋጠሮ ከፊት ይልቅ ሰውን ያስለያሉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለዘፋኟ ኢቬት ጊልቤር ባዘጋጀው የሥዕል አልበም ሽፋን ላይ ረጃጅም ጥቁር ጓንቶቿን ነው ያስቀመጠው፤ ፓሪስ ለየቻት። ጥርስ፣ የቆዳ ቀለም፣ የአካል ጉዳት አይነካም፤ ሰውየው መድረክ ላይ ራሱ መርጦ የሚያደርገው ይበቃል። መንዙማ የሚያወጡትን ደግሞ እኔ አልሥልም። መድረክ ላይ ቢቀርብም ዒባዳ (አምልኮ) ነው።

የብዕር ቀለም ከመግባቱ በፊት አንድ ፈተና አለ። የሥዕሉን ዙሪያ ብቻ በሌላ ወረቀት ቅዱና ውስጡን በሙሉ አጥቁሩት፣ ሦስት ሜትር ራቁ። ዘፋኙን የሚያውቅ ሰው ጥላውን አይቶ ወዲያው ስሙን ካልጠራ፣ ችግሩ ፊቱ ላይ አይደለምና ፊቱን አትጠግኑ፤ ወደ አከርካሪው ተመለሱ።

ለቀለሙ 80 ግራም (በካሬ ሜትር) የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለሙን ያስፋፋዋል፤ ከ160 ግራም በላይ የሆነ ይሻላል። ክረምት ላይ ደሴ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ መስመሩም ጠርዙ ይሻክራል፤ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥና ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ላጲስ አለማሳረፍ ነው። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትሠሩ ግን በበጋ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙ ብዕሩ ጫፍ ላይ ይደርቃል። ብዕሩን በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ለመለጠፍ ፎቶ ስታነሱ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ይሁን። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ዙም ተደርጎ ይነሳ። ቀርባችሁ ካነሳችሁት ሌንሱ ጠርዙን ይለጥጠዋል፤ ያላጋነናችሁትን እግር ስልኩ ያጋንንላችኋል።